ያለ አሳታሚ ድርጅት ክፍት የምርምር ጆርናል ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጆርናል ለመጀመር ያሰቡ መምህራንና በሥራው ላይ ያሉ አዘጋጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሳታሚ ድርጅት ሳይኖር የምርምር ጆርናል ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል። ለእኛ አገር ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ጆርናሉን ማውጣት የጀመረው በ1962 ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናልን በ1963 ጀመረ። ሁለቱንም ያቆማቸው የሙያ ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ ተቋም እንጂ ትልቅ የንግድ አሳታሚ አይደለም።

በውጭው ዓለም በብዛት የሚጠቀሰው የማሽን ለርኒንግ ተመራማሪዎች ታሪክ ነው። በ2001 በንግድ አሳታሚ ሥር በነበረ የዘርፉ ታዋቂ ጆርናል ውስጥ 40 የቦርድ አባላት በአንድ ደብዳቤ ለቀቁ። ጥናታቸው በነጻ መነበብ አለበት ብለው ነው። ትኩረታቸውን ያዞሩት ጥቂት ቀደም ብሎ ወደተመሠረተው ጆርናል ኦፍ ማሽን ለርኒንግ ሪሰርች ነበር። ይህ ጆርናል አንባቢንም ጸሐፊንም አያስከፍልም፤ ዛሬ በመስኩ ካሉት ሁሉ እጅግ ከሚከበሩት አንዱ ነው። በ2021 የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከሁለቱም ወገን ገንዘብ የማይጠይቁ ጆርናሎች በዓለም ላይ ከ17,000 እስከ 29,000 ይደርሳሉ ብሎ ገምቷል። ብቻችሁን አይደላችሁም።

«ክፍት ተደራሽነት» ማለት በነጻ ማንበብ ማለት ብቻ ነው?

አይደለም። በ2002 የወጣው የቡዳፔስት መግለጫ እንደሚለው አንባቢው ማንበብ፣ ማውረድ፣ መቅዳት፣ ማሰራጨት፣ መፈለግና ለሌላ ሕጋዊ ሥራ መጠቀም መቻል አለበት። ሳይታችሁ ጽሑፉን ለማየት «መጀመሪያ ይመዝገቡ» የሚል ከሆነ ክፍት ነው ለማለት ያስቸግራል።

አሳታሚው ይሠራው የነበረውን ሥራ ማን ይሠራዋል?

እናንተ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። አሳታሚ የለም ማለት ሥራው የለም ማለት አይደለም። ጽሑፍ የሚቀበል፣ ገምጋሚ የሚፈልግ፣ የዘገየውን የሚያስታውስ፣ ዋቢዎችን አንድ በአንድ የሚያይ፣ ገጽ የሚያቀናብር፣ ሜታዳታ (ርዕስ፣ ጸሐፊና ቀን የመሳሰለውን የጽሑፉን መረጃ) የሚሞላ፣ የዶሜይን ክፍያ ቀን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።

ሥራዎቹን በወረቀት ላይ ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ ጎን የሰው ስም ጻፉ። ስም ያልተጻፈበት ሥራ ሁሉ ውሎ አድሮ በዋና አዘጋጁ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ነጻ ጆርናሎችን ብዙ ጊዜ የሚያዳክማቸው ይሄ ነው፤ የገንዘብ እጦት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለመጀመር ስንት ሰው ይበቃል?

በየሳምንቱ በእርግጥ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ካሉ መጀመር ይቻላል። አንዱ ዋና አዘጋጅ ነው፤ ይውጣ ወይም ይቅር ብሎ ይወስናል። ሁለተኛው ሥራ አስኪያጅ አዘጋጅ ነው፤ ደብዳቤውንና ቀኑን ይይዛል። ሦስተኛው ቴክኒኩን ያውቃል። ዲኦኤጄ የተባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ቢያንስ አምስት አባላት ያሉት ቦርድ ስለሚጠይቅ እስከዚያ ድረስ አስፉት።

ለስም ብቻ የተደረደረ ረጅም ቦርድ ግን አይጠቅምም። ሰውየው ስሙ ሳይታችሁ ላይ እንዳለ ላያውቅ ይችላል፤ ያን ቀን የጆርናሉ ስም ይጎዳል። እያንዳንዱ አባል በጽሑፍ «እሺ» ያለበትን ኢሜይል አስቀምጡ።

በዓመት ስንት ዕትም ማውጣት አለብን?

አንድ ወይም ሁለት። በዓመት አራት ጊዜ እንወጣለን ብሎ ማወጅ ቀላል ነው፤ ሦስተኛው ዕትም ስምንት ወር ሲዘገይ ግን ጸሐፊ ይሸሻል። ዲኦኤጄ የሚጠይቀው በዓመት ቢያንስ አምስት የምርምር ጽሑፍ ነው። ዕትም ሳይጠብቁ የተጠናቀቀውን ጽሑፍ ወዲያው ማውጣትም ይቻላል። ለትንሽ ቡድን የምመርጥለት ይህን ነው፤ የአንዱ ጸሐፊ መዘግየት ሌላውን አያስጠብቅም።

ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል?

ከምታስቡት ያነሰ ገንዘብ፣ ከምታስቡት የበዛ ሰዓት። ከላይ የተጠቀሰው የማሽን ለርኒንግ ጆርናል በ2012 ወጪው ተሰልቶ በአንድ ጽሑፍ ከ10 ዶላር በታች ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የሆነው ግን ሰርቨሩን ዩኒቨርሲቲ ስለሰጠው፣ ተመራማሪዎቹም በነጻ ስለሠሩ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚወጡት ዶሜይን፣ ሆስቲንግ፣ የዲኦአይ (የእያንዳንዱ ጽሑፍ መለያ) ክፍያ፣ አቅም ካለ ደግሞ የቋንቋ አርትዖትና የገጽ ቅንብር ናቸው።

ዲኦአይ ለማግኘት ብዙዎች ዲኦአይ የሚያስመዘግበው ክሮስሬፍ የተባለ ድርጅት አባል ይሆናሉ። ዝቅተኛው ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ ለብዙ ዓመታት 275 ዶላር ነበር፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ጽሑፍ ደግሞ 1 ዶላር። ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ አዘጋጆች ደስ የሚል ዜና አለ። ክሮስሬፍ ከጥር 2023 ጀምሮ አቅማቸው ዝቅተኛ ከሆኑ አገሮች የሚመጡ አባላትን የአባልነትም የምዝገባም ክፍያ አያስከፍልም፤ ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ውስጥ አለች። ይህን ሳያውቁ ዲኦአይ በውድ ከደላላ የሚገዙ አሉ። አትግዙ።

የሚያስቸግረው የውጭ ምንዛሪው ነው። ሆስቲንጉ በዶላር የሚከፈል ከሆነ ክፍያው በአንድ ሰው የግል ካርድ ላይ ይንጠለጠላል፤ ካርዱ ሲያልቅ ሳይቱም ይዘጋል። የዩኒቨርሲቲያችሁ ሰርቨር ደህና ከሆነ እዚያ ማስቀመጥ፣ ወይም ብዙ የአገር ውስጥ ጆርናሎች የሚገኙበትን ኢጆልን መጠየቅ ይሻላል። ከዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ከመለመን ይልቅም የአዘጋጁ ሰዓት እንደ ሥራ ጫና እንዲቆጠርለት ጠይቁ። አንድ ኮርስ የተቀነሰለት አዘጋጅ ለጆርናሉ ከጥቂት ሺህ ብር በላይ ይጠቅማል።

ጸሐፊዎችን ብናስከፍልስ?

የእኔ ምክር አታስከፍሉ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ጽሑፍ ሲያልፍ ብቻ ከሆነ ብዙ ለማሳለፍ መገፋፋታችሁ አይቀርም። ክፍያውን የማይችለው ደግሞ በደመወዙ የሚኖር ወጣት ተመራማሪ ነው፤ ጆርናሉን የከፈታችሁት ለእሱ ነበር።

ማስከፈል ግድ ከሆነ መጠኑን ከነምንዛሪው ጽሑፍ ከመቀበላችሁ በፊት በግልጽ አውጡ። የማያስከፍል ጆርናልም «ምንም ክፍያ የለም» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ዝም ማለት እንደ ነጻ አይቆጠርም።

የትኛውን ሶፍትዌር እንጠቀም?

ብዙው ሰው ኦጄኤስ ይጠቀማል። የሠራው በካናዳ በ1998 በጆን ዊሊንስኪ የተመሠረተው ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት ነው። በነጻ ይወርዳል፤ ጽሑፍ ከመቀበል እስከ ማሳተም ያለውን ሁሉ ይይዛል። የአገራችን ጆርናሎችም በብዛት የሚሠሩት በእሱ ስለሆነ የሚያውቅ ሰው ማግኘት አይከብድም። ጄንዌይም ጥሩ ነው፤ ለንደን ውስጥ በቢርክቤክ ኮሌጅ የተሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው።

ኦጄኤስ መጫን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ መጠበቁ ነው የዕድሜ ልክ ሥራ። ዝማኔ ካልተደረገለት ይጠለፋል። በማለዳ ሳይቱን ስትከፍቱ የቁማር ማስታወቂያ በቅጽ 4 ገጽ ላይ ተለጥፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። የጸሐፊዎች ፋይል የሚቀመጥበትን ማህደር ከዌብ ሊከፈት ከሚችለው ፎልደር ውጭ አድርጉት። የሐሰት አካውንት የሚከፍቱትን ለመከላከል ካፕቻ አብሩ። ባክአፑን በዚያው ሰርቨር ላይ አታስቀምጡ።

ጽሑፎቹን በራሳችሁ ሳይት ሳታከማቹ የምትሠሩበት መንገድም አለ። የሒሳብ ሊቁ ቲሞቲ ጋወርስ ያስጀመሩት ዲስክሪት አናሊሲስ ጽሑፎቹን አያከማችም። ጽሑፉ የሚቀመጠው አርካይቭ በተባለው የጥናት ማከማቻ ነው፤ ጆርናሉ ገምግሞ ያለፈውን ብቻ ይጠቁማል። ጥናትን ከግምገማ በፊት በይፋ የማስቀመጥ (የቅድመ ኅትመት) ልማድ ባለበት ዘርፍ ይህ እጅግ ይቀላል።

አይኤስኤስኤን እና ዲኦአይ አንድ ናቸው?

አይደሉም። አይኤስኤስኤን የጆርናሉ መለያ ነው፤ ስምንት አኃዝ አለው፤ የመጨረሻው አንዳንዴ ኤክስ ይሆናል። የወረቀቱና የኦንላይኑ ዕትም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የሚሰጠው የአገሩ ማዕከል ነው፤ ማዕከል ከሌለ ፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ ማዕከል። የጆርናሉን ስም በደንብ ከቀየራችሁ አዲስ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስሙን መጀመሪያ ላይ አስቡበት።

ዲኦአይ የእያንዳንዱ ጽሑፍ መለያ ነው። ጥቅሙ ሳይታችሁ አድራሻ ሲቀይር ይታያል። አዲሱን አድራሻ ክሮስሬፍ ላይ ካስተካከላችሁ የድሮው ጥቅስ ሁሉ ወደ አዲሱ ቦታ ያደርሳል። ካላስተካከላችሁ ዲኦአዩ ባዶ በር ላይ ያቆማል። ዲኦአይ የጥራት ማኅተም አይደለም፤ ማንም አባል ሊያስመዘግብ ይችላል።

በአማርኛ ለምናሳትመው ምን የተለየ ነገር አለ?

ብዙ ነገር አለ፤ የሚጽፍበት ሰው ግን ጥቂት ነው። አንደኛው ፎንት ነው። አንዱን ፒዲኤፍ ክፈቱ፣ አንድ መስመር ምረጡ፣ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። ያው አማርኛ ከወጣ ጥሩ ነው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከወጣ ጽሑፉ የተጻፈው ቪዥዋል ግዕዝን በመሰለ የድሮ ፎንት ነው። ዓይን ያነበዋል፤ ጉግል ግን አያነበውም። እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ባለ የዩኒኮድ ፎንት እንደገና መጻፍ ወይም መለወጥ አለበት። የቆዩ ዕትሞችን ወደ ሳይት ስትጭኑ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ። ጉግል ስኮላር ከ5 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል እንደማይቀበልም አስታውሱ፤ ስካን የተደረገ ወረቀት በቀላሉ ከዚያ ያልፋል።

ሁለተኛው ስም ነው። ሶፍትዌሩ «የግል ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። አበበ ከበደ የሚባል ጸሐፊ በአንዱ ጆርናል «ከበደ፣ አ.» ይሆናል፣ በሌላው «አበበ ከበደ»። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። አንድ ደንብ አውጡ፣ በጸሐፊዎች መመሪያ ላይ ጻፉት፣ አትቀያይሩት። በአማርኛ ዋቢ ዝርዝር በራስ ስም መደርደር የቆየ ልማዳችን ነውና ባይተው ደስ ይለኛል። የላቲኑ አጻጻፍም ይለያያል። ጸጋዬ አንድ ጊዜ በ«ቲ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ኤስ» ይጀምራል። መፍትሔው ኦርኪድ ነው። ለጸሐፊው በነጻ የሚሰጥ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ስለሆነ ከሁሉም ጠይቁ።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሽፋኑ ላይ «ቅጽ 3፣ ቁጥር 1፣ መስከረም 2017 ዓ.ም.» ማለት ያምራል። ሜታዳታው ውስጥ ግን 2017 ብላችሁ ካስገባችሁ ዓለም የሚያየው የሰባት ዓመት አሮጌ ጽሑፍ ነው። እዚያ 2024 ይግባ። አራተኛው ሆሄ ነው። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በፍለጋ ጊዜ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ለጆርናሉ አንድ የአጻጻፍ ደንብ ምረጡ፤ በቁልፍ ቃላት ላይ ግን ሰው ሊጽፈው የሚችለውን ሌላውን አጻጻፍም ጨምሩ። በመጨረሻም ርዕሱንና አኅጽሮተ ጥናቱን በእንግሊዝኛም አስቀምጡ። አማርኛ የማያነብ ሰው ቢያንስ ጥናቱ መኖሩን ይወቅ።

የቅጂ መብቱ የማን ይሁን?

የጸሐፊው ይሁን። የንግድ አሳታሚዎች መብቱን የሚወስዱት ሊሸጡት ነው፤ እናንተ የምትሸጡት ነገር የለም። ከጸሐፊው የሚያስፈልጋችሁ ለማሳተም የተሰጠ የጽሑፍ ፈቃድ ነው፤ አንድ ገጽ ይበቃል።

ለአንባቢው ደግሞ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ምረጡ። ሲሲ ባይ የሚባለው «ምንጩን ጥቀስ እንጂ እንደፈለግህ ተጠቀምበት» ይላል። ለንግድ አይዋል ወይም አይቀየር የሚሉም አሉ። የመረጣችሁትን ሳይቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ፒዲኤፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አትሙት፤ ፒዲኤፍ ከሳይቱ ተነጥሎ በቴሌግራም ሲዞር ፈቃዱ አብሮት ይሂድ። በኢትዮጵያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ ስላወጣ ይህ አካሄድ ከአገሩ መመሪያ ጋርም ይሄዳል።

ገምጋሚ ከየት እናምጣ? ብንጽፍላቸውም አይመልሱም።

አዎ፣ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። የተለመደው ስሕተት ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ መበተን ነው። ለአንድ ሰው፣ ለእሱ ብቻ የተጻፈ አጭር መልእክት ይሻላል። ለምሳሌ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በወሎ የቃል ግጥም ላይ የተሠራ 18 ገጽ ጥናት ደርሶናል። እርስዎ በዘርፉ የሠሩ ስለሆነ አስበንዎታል። አኅጽሮቱ ከታች አለ። እስከ ጥቅምት 20 በሁለት ገጽ አስተያየት ሊሰጡን ይችላሉ? ካልተመቸዎት ሌላ ሰው ቢጠቁሙን ደስ ይለናል።» ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል፣ ቀኑን ያውቃል፣ እምቢ ማለትም ቀሎታል። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደውሉ። በእኛ አገር አምስት ኢሜይል የማይፈታውን አንድ ስልክ ይፈታዋል።

መስኩ ጠባብ ከሆነ ሁሉም ይተዋወቃል። ስም ቢደበቅም በሁለተኛው ገጽ ላይ ማን እንደጻፈው ይታወቃል። ስለዚህ ከሁለቱ ገምጋሚዎች አንዱ ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ አገር ይሁን። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች አማርኛ የሚያነቡ ተመራማሪዎች አሉ፤ በሃምቡርግ የሚዘጋጀውን ኤቲዮፒካን የመሳሰሉ ጆርናሎች ማውጫ ብታገላብጡ በየርዕሱ ማን እንደሚሠራ ታያላችሁ። ለገምጋሚ ከመላካችሁ በፊት የወርድ ፋይሉን መረጃ ክፍል አጽዱ፤ የጸሐፊው ስም እዚያ ተደብቆ ይቀራል።

የምስጋና ደብዳቤ መላክ አትርሱ። በማኅተም የተጻፈ «ለጆርናላችን ገምግመዋል» የሚል ማስረጃ ለደረጃ ዕድገት ሊያገለግለው ይችላል። እናንተን አምስት ደቂቃ ይፈጅባችኋል።

አዘጋጆቹ በራሳቸው ጆርናል ላይ ማሳተም ይችላሉ?

በልክ። ዲኦኤጄ የሚቀበለው አዘጋጅ፣ የቦርድ አባል ወይም ገምጋሚ የተሳተፈባቸው ጽሑፎች በቅርብ ከወጡት ሁለት ዕትሞች በየትኛውም ከ25 በመቶ ካልበለጡ ነው። የአዘጋጁን ጽሑፍ ሌላ ሰው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይያዘው፤ ጸሐፊው አዘጋጅ በሲስተሙ ውስጥ የገምጋሚዎቹን ስም ማየት እንዳይችልም አድርጉ። ጽሑፉ ሲወጣ ይህ መደረጉን በአንድ መስመር ግለጹ።

ዲኦኤጄ፣ ስኮፐስ፣ ኢምፓክት ፋክተር፤ ከየቱ እንጀምር?

ከዲኦኤጄ። ማመልከቻው በነጻ ነው። ጆርናሉ ከአንድ ዓመት በላይ ሲያሳትም የቆየ ወይም ቢያንስ አሥር ክፍት ጽሑፍ ያወጣ መሆን አለበት። ቅጹን መሙላት በራሱ ትምህርት ነው፤ የጎደላችሁን ሁሉ ያሳያችኋል። ከዚያ ጎን ለጎን ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን አለ። በኢትዮጵያ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር የአገር ውስጥ ጆርናሎችን ገምግሞ ዕውቅና ይሰጣል፤ ለመምህራን ዕድገት የሚቆጠረው ይህ ስለሆነ ጸሐፊዎቻችሁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ስኮፐስ የተባለው የጆርናሎች መረጃ ቋት ቢያንስ የሁለት ዓመት የኅትመት ታሪክ፣ የእንግሊዝኛ አኅጽሮትና በላቲን ፊደል የተጻፈ ዋቢ ይጠይቃል። አማርኛ ጆርናል ዋቢውን በሁለቱም ፊደል ካላቀረበ አይታሰብም። ኢምፓክት ፋክተርን (የጆርናሉ ጽሑፎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚለካውን ቁጥር) የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ድርጅት ብቻ ነው። «ኢምፓክት ፋክተር እንሰጣችኋለን» የሚል ኢሜይል ከሌላ ሰው ሲመጣ አጥፉት። የሐሰት ቁጥር ሳይት ላይ መለጠፍ ጆርናሉን ያስጠረጥረዋል።

ትንሽና አዲስ ስለሆንን «አዳኝ ጆርናል» (ያለ እውነተኛ ግምገማ ለገንዘብ የሚያሳትም) ብንባልስ?

ትንሽነት አያስከስስም፤ ድብቅነት ነው የሚያስከስሰው። የአዘጋጆቹ ሙሉ ስምና የሥራ ቦታ፣ የሚሠራ ስልክ፣ የግምገማው ሒደት፣ ክፍያ መኖር አለመኖሩ በግልጽ ይታይ። ጽሑፍ የደረሰበትንና የጸደቀበትን ቀን በእያንዳንዱ ላይ አትሙ። «በሰባት ቀን እናሳትማለን» አትበሉ፤ እውነተኛ ግምገማ በሰባት ቀን አያልቅም። የጥሪ ኢሜይል ለማያውቃችሁ ሰው በጅምላ አትላኩ።

ሳይቱ ድንገት ቢጠፋ ጽሑፎቹ ምን ይሆናሉ?

ካላዘጋጃችሁ ይጠፋሉ። በ2020 የወጣ ጥናት ከ2000 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ከ170 በላይ ክፍት ጆርናሎች ከኢንተርኔት ጠፍተው ማግኘቱን ዘግቧል። የአንድ ሰው የዓመታት ምርምር እንዲህ ሲቀር ያሳዝናል፤ መከላከያው ደግሞ አብዛኛው በነጻ ነው።

ኦጄኤስ የምትጠቀሙና አይኤስኤስኤን ያላችሁ ከሆነ የፒኬፒ (የኦጄኤስ ሠሪ የፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት) የጥበቃ መረብ ቅጂውን በተለያዩ ቦታዎች ባሉ ሰርቨሮች ላይ ያለ ክፍያ ያስቀምጥላችኋል። ፕለጊኑን ማብራትና ስምምነቱን መቀበል ብቻ ነው። ጸሐፊ የማያስከፍሉና ዲኦኤጄ ውስጥ ያሉ ጆርናሎችን ጃስፐር የተባለው ፕሮጀክት ይረዳል። እናንተም የእያንዳንዱን ዕትም ፒዲኤፍ ለዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት በሃርድ ዲስክ ስጡ።

ዶሜይኑን በተለይ ጠብቁት። ክፍያው ሲያልፍ ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ በእናንተ ስም ጽሑፍ ተቀብሎ ገንዘብ ሊሰበስብም ይችላል። ምዝገባው በተመራቂ ተማሪ የግል ኢሜይል ላይ አይሁን። የጆርናሉ ኢሜይል ይኑር፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙት።

አሁን በአሳታሚ ሥር ነን፤ ጆርናላችንን ይዘን መውጣት እንችላለን?

መጀመሪያ ስሙ የማን እንደሆነ ውሉን አንብቡ። ባለቤቱ ማኅበራችሁ ከሆነ፣ ውሉ ሲያልቅ ስሙንም ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አሳታሚው ከሆነ ሰው እንጂ ስም አይወጣም። በ2015 ሊንጓ የተባለው የቋንቋ ጥናት ጆርናል ስድስት አዘጋጆችና 31 የቦርድ አባላት ከአሳታሚው ከኤልሰቪየር ጋር ባለመስማማት ለቀቁ። ስሙ የአሳታሚው ስለነበር ግሎሳ የተባለ አዲስ ጆርናል በ2016 ጀመሩ። ሊንጓ በሌሎች አዘጋጆች ቀጥሏል። ተመራማሪው ግን ብዙው ሰዎቹን ተከተለ።

መውጣት የምታስቡ ከሆነ ለየብቻ አትውጡ። ቦርዱ በሙሉ በአንድ ቀን ሲለቅ ነው መስኩ የሚከተለው። አዲስ ጆርናል የምትመሠርቱም ከሆነ የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ዕትም በፊት በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። በአንድ ሰው ስም አይሁን።

ካሳተምን በኋላ ጽሑፉ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝስ?

በዝምታ አታጥፉት። መጀመሪያ ለጸሐፊው በጽሑፍ መልስ የሚሰጥበት ቀን ቆርጣችሁ ጻፉለት። ኮፕ የተባለው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ለእያንዳንዱ ዓይነት ጉዳይ በደረጃ የተሠራ መመሪያ አለው፤ አባል ላልሆነም በነጻ ይከፈታል። መመሪያውን መከተል «ለእገሌ አድልታችኋል» ከሚል ክስ ያድናችኋል።

ጥፋቱ ከተረጋገጠ ጽሑፉን መሻር ነው። የተሻረው ጽሑፍ በቦታው ይቆያል፤ በየገጹ «ተሽሯል» ይባልበታል፤ ምክንያቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ የራሱ ዲኦአይ ይሰጠዋል። ጸሐፊው የታወቀ ሰው ወይም አለቃችሁ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ለዚህ ነው የመሻሪያ ደንቡ ችግር ከመምጣቱ በፊት ተጽፎ ሳይት ላይ መቀመጥ ያለበት። ያኔ የሚወስነው ደንቡ ነው።

ዋና አዘጋጁ ቢለቅ ወይም ቢደክም?

የሥራ ዘመኑ ሲጀመር ይወሰን፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት በቂ ነው። ሊለቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ተተኪው አጠገቡ ተቀምጦ ይሥራ። የርክክብ ሰነድ ያስፈልጋል፦ የይለፍ ቃሎች፣ የዶሜይንና የክሮስሬፍ አካውንት፣ በእጅ ያሉ ጽሑፎች ከነደረጃቸው፣ መልስ የሚጠብቁ ሰዎች ስም። በነጻ የሚሠራ ሰው ሲደክም «ደከመኝ» ማለት ያፍራል። በየስድስት ወሩ ቦርዱ ራሱ ይጠይቀው።

መቀጠል ካልቻልንስ? መዝጋት ነውር ነው?

አይደለም። ነውሩ ሳይናገሩ መጥፋት ነው። አዲስ ጽሑፍ መቀበል ማቆማችሁን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከነቀኑ ጻፉ። በእጃችሁ ላለ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ውሳኔ ስጡ፤ የማትጨርሱትን ሌላ ቦታ እንዲልኩት ለጸሐፊዎቹ ወዲያው አሳውቁ። ዲኦኤጄንና የአይኤስኤስኤን ማዕከሉን አሳውቁ። ሳይቱን ማንበብ ብቻ ወደሚቻልበት ቅጽ ቀይሩት፤ ያኔ የሚጠለፍበት ዕድል በጣም ይቀንሳል። የዲኦአዮቹ አድራሻ ቤተ መጻሕፍቱ ወዳስቀመጠው ቅጂ ይዙር። ዶሜይኑን ለቀሩት ዓመታት የሚከፍለውን ተቋም በደብዳቤ አስፈርሙ፤ ደብዳቤውንም ከፒዲኤፎቹ ጋር ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡ።